ካርቶኑ ላይ ያለው ስልክና ቡሬ ላይ የሚሠራው ስልክ

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ላይ አንድ ሞባይል ቤት ገብታችሁ «ስልክ ልቀይር ነው፤ የቱ ይሻላል?» ብትሉ፣ ሻጩ ሦስት አራት ካርቶን ደርድሮ ቁጥር ማንበብ ይጀምራል። 50 ሜጋ ፒክስል፣ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ 8 ሲደመር 8 ራም፣ 256 ጊጋ። ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ስልክ የሚያነጻጽሩትም የሚያደርጉት ይሄንኑ ነው። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያስቀምጡና ትልቁን «አሸናፊ» ይሉታል።

እኛ ዛሬ ካርቶኑን ራሱን እንተቸው። መጽሐፍ እንደሚተች፣ ፊልም እንደሚተች ማለት ነው። ምን ይላል? ምን ሳይል ያልፋል? የሚለውስ ነገር ምዕራብ ጎጃም ላይ ይሠራል ወይ?

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ካርቶኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች በአብዛኛው ውሸት አይደሉም። ችግሩ የተለኩበት ቦታና እናንተ ያላችሁበት ቦታ አንድ አለመሆኑ ነው። ስልክ ብቻውን የሚሠራ ዕቃ አይደለም፤ ከአንቴና ማማው፣ ከመብራቱ፣ ከጠጋኙና ከሶፍትዌሩ ጋር ሆኖ ነው ስልክ የሚሆነው። ስለነዚህ አራቱ ደግሞ ካርቶኑ አንድም ቃል አይናገርም።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲመራ ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ከዶላር አንጻር ብዙ ወርዷል። ስልክ ደግሞ፣ እዚሁ ቢገጣጠም እንኳ፣ ክፍሎቹ በዶላር የሚገቡ ናቸው። ገጠር ላለ ቤተሰብ አንድ ስማርት ስልክ ስንት ኩንታል በቆሎ ወይም ስንት ኪሎ በርበሬ እንደሚያስወጣ ከናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። በዚህ ዋጋ ተገዝቶ በዓመቱ የሚከዳ ስልክ ትልቅ ኪሳራ ነው።

ተፎካካሪዎቹ እነማን ናቸው?

ገበያው ላይ ያለውን ሁሉ ለመዘርዘር ቀኑ አይበቃንም። ግን አብዛኛው ወጣት የሚያመነታው በሦስት ጎራዎች መካከል ነው።

አንደኛው የቴክኖ፣ የኢንፊኒክስና የአይቴል ጎራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ሦስቱም የአንድ ኩባንያ ልጆች ናቸው! ባለቤታቸው ትራንሽን የተባለ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ በቻይናዋ ሼንዘን ከተማ የሚገኝ ድርጅት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስልክ ይገጣጥማል። ስለዚህ «ቴክኖ ወይስ ኢንፊኒክስ?» ብላችሁ ስትከራከሩ የወንድማማቾች ፉክክር ላይ ናችሁ። ሁለተኛው ጎራ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ ተከታታይ ነው፤ እንደ ኤ05ና ኤ15 ያሉት። ሦስተኛው ያገለገለ አይፎን ነው። አንዳንዱ ከገበያ ይገዛል፣ አንዳንዱ ውጭ ካለ ዘመድ ይላካል።

አሁን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት፣ ግን የት ቦታ?

አንድ ባለ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ በግምት 3.85 ቮልት ላይ ይሠራል። ሁለቱን ስናባዛ 19 ዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት እናገኛለን። አይፎን 11 ውስጥ ያለው 3110 ሚሊ አምፒር ሰዓት ባትሪ ደግሞ 12 ዋት ሰዓት ገደማ ይይዛል። እስከዚህ ድረስ ካርቶኑ ልክ ነው።

ጥያቄው ይሄ ጉልበት በምን ያልቃል የሚለው ነው። ስክሪኑ ይበላል፣ ጌም ይበላል። ገጠር ውስጥ ግን ሌላ ትልቅ በላተኛ አለ፤ ማማ ፍለጋ። ስልካችሁ ሬዲዮ አስተላላፊ መሆኑን አትርሱ። በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ የ2ጂ ስልክ ማማው አጠገብ ሲሆን በጥቂት ሚሊ ዋት ብቻ ያወራል። ማማው ሲርቅ ድምፁን ከፍ እያደረገ ሄዶ እስከ 2 ዋት ይደርሳል። ሰው ወንዝ ማዶ ያለ ወዳጁን ሲጠራ እንደሚጮኸው ማለት ነው። በመቶዎች እጥፍ የሚቆጠር ልዩነት ነው! ጨርሶ ኔትወርክ ሲያጣ ደግሞ እየደጋገመ አካባቢውን ያስሳል።

እንግዲህ ከተማ መሐል ሁለት ቀን የሚቆይ ስልክ፣ ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ወይም የብር ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ ሊዘጋ ይችላል። ባትሪው አልተበላሸም፤ ሲጮህ ውሎ ነው። ሌሊት ላይ ኔትወርክ የማይደርስበት ቤት የምታድሩ ከሆነ የአውሮፕላን ምልክቷን ነክታችሁ ተኙ። ይሄ ብቻውን ትልቅ ባትሪ ከመግዛት የበለጠ ሊጠቅማችሁ ይችላል።

«45 ዋት ፈጣን ቻርጅ» የሚለውስ? እዚህ ላይ ለካርቶኑ ክብር እንስጠው። መብራት መጥቶ ቶሎ የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ፈጣን ቻርጅ በጣም ይጠቅማል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚገባውን አስገብታችሁ ትወጣላችሁ። ቤታችሁ በሶላር የሚኖር ከሆነ ግን ያቺ 45 ቁጥር ዋጋ የላትም። ባለ 10 ዋት ሶላር በጥሩ ፀሐይ 7 ዋት ገደማ ቢሰጣችሁ፣ 19 ዋት ሰዓቱን ለመሙላት ወደ 3 ሰዓት ይፈጃል። ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ ከዚህም ይብሳል። ቻርጀሩ ምንም ቢፈጥን ሶላሩ ከሚሰጠው በላይ ሊወስድ አይችልም።

መስመሮቹን አትመኑ፤ ለኩ

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሉት የኔትወርክ መስመሮች የጋራ መለኪያ የላቸውም። የአንዱ ፋብሪካ ሦስት መስመር የሌላው ሁለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ይሄ ስልክ ኔትወርክ ይስባል» ብሎ መስመር እየቆጠሩ ማወዳደር ሳይንስ አይደለም።

ትክክለኛው ቁጥር አንድሮይድ ስልክ ውስጥ አለ። ሴቲንግ ገብታችሁ ስለ ስልኩ የሚለውን፣ ከዚያ የሲም ሁኔታ የሚለውን ክፈቱ። የኔትወርኩ ጥንካሬ ዲቢኤም በሚባል መለኪያ፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ ይታያል። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ኔትወርኩ ጠንካራ ነው። -75 ጥሩ ነው፤ -110 ደካማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ይሄ መለኪያ በ10 በጨመረ ቁጥር ኃይሉ 10 እጥፍ ያድጋል። ከ-110 እስከ -70 ያለው ርቀት 10,000 እጥፍ ነው ማለት ነው።

እስቲ ይሄን ሞክሩ። ለመግዛት ያሰባችሁትን ሞዴል የያዘ ጓደኛ ፈልጉና ቤታችሁ ውሰዱት። ከናንተ ስልክ ጋር አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ሲም፣ ሁለቱንም 4ጂ ላይ ወይም ሁለቱንም 3ጂ ላይ አድርጋችሁ ቁጥራቸውን አምስት አምስት ጊዜ ጻፉና አማካዩን አስሉ። 2ጂን ከ4ጂ ጋር አታወዳድሩ፤ አለካካቸው ይለያያል። ውጤቱ ከማንኛውም የዩቲዩብ ንጽጽር የበለጠ ስለናንተ ቤት ይናገራል።

ደግሞም ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «ሁለቱም ያው ናቸው» የሚል ነው። ምክንያቱም ወሳኙ ስልኩ ሳይሆን የማማው ርቀት፣ ኮረብታውና ሞገዱ ነው። ዝቅ ያለ ሞገድ፣ ለምሳሌ የ2ጂው 900 ሜጋ ኸርዝ፣ 3ጂ ከሚጠቀምበት 2100 ሜጋ ኸርዝ ይልቅ ርቆ ይሄዳል፤ ኮረብታም በተሻለ ይዞራል። ገጠር ላይ ዳታ እምቢ ብሎ ጥሪ የሚሠራበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። «5ጂ ነው» ተብሎ የተጨመረው ዋጋ፣ ማማው 5ጂ በማይሰጥበት ቀበሌ ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ብር ነው።

8 ሲደመር 8 ስንት ነው?

ቴክኖ ስፓርክ 20 «8 ሲደመር 8» ተብሎ የተሸጠ ስልክ ነው። ሒሳብ ክፍል ውስጥ መልሱ 16 ነው። ስልኩ ውስጥ ግን 8 ነው፤ ጥቂት ማጀቢያ ያለው 8።

ራም ማለት ስልኩ አሁን እየሠራበት ያለው ነገር የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እንደ መሶብ አስቡት፤ የቀረበው ብቻ ነው የሚበላው። ማከማቻው ደግሞ ጎተራ ነው። «የተጨመረው 8» የሚባለው ከጎተራው ላይ ጥግ ከልሎ «ይሄም መሶብ ነው» ማለት ነው። ራሙ ሲሞላ ስልኩ አሁን የማትጠቀሙበትን መተግበሪያ ወደዚያ ጥግ ይወስደዋል፤ ስትፈልጉት መልሶ ያመጣዋል። ይሠራል፤ ግን ርካሽ ስልኮች ላይ ያለው ማከማቻ ከራም ከ10 እጥፍ በላይ ቀርፋፋ ነው። ከዚያም በላይ ከጎተራችሁ ቦታ ይወስዳል።

ስለዚህ ሻጩ «16 ራም» ሲላችሁ «ዋናው ስንት ነው?» በሉት። ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለው ቁጥር ነው የናንተ። «4 ሲደመር 4» ከሚለው «6» ብቻ የሚለው ሊሻል ይችላል።

50 ሜጋ ፒክስል ከ12 ይበልጣል?

ይሄኛው ትንሽ ስሌት አለው፤ ተከተሉኝ። ፒክስል ማለት ዝናብ ላይ የተደረደረ ጣሳ በሉት፤ የሚያጠራቅመው ግን ብርሃን ነው። ብዙ ርካሽ ስልኮች ላይ የሚገኘው ባለ 50 ሜጋ ፒክስል የካሜራ ዳሳሽ፣ የአንዱ ጣሳ ጎን 0.64 ማይክሮ ሜትር ነው። ስፋቱ 0.41 ማይክሮ ሜትር ካሬ ይሆናል። በ50 ሚሊዮን ብናባዛው ጠቅላላ ስፋቱ 20 ሚሊ ሜትር ካሬ ገደማ ነው። የአይፎን 11 ዋና ካሜራ 12 ሜጋ ፒክስል ብቻ ነው፤ ግን የአንዱ ጎን 1.4 ማይክሮ ሜትር ነው። ስፋቱ 1.96፣ በ12 ሚሊዮን ሲባዛ ከ23 ሚሊ ሜትር ካሬ ይበልጣል።

ታያላችሁ? 12 የተባለው ከ50ው የበለጠ ብርሃን የሚቀበል ስፋት አለው። ባለ 50ውም ይሄን ስለሚያውቅ አብዛኛውን ጊዜ አራት አራት ፒክስል አዋህዶ 12.5 ሜጋ ፒክስል ፎቶ ነው የሚሰጣችሁ። ከኋላ የተደረደሩት ክቦችም ሁሉ ካሜራ እንዳይመስሏችሁ። ሳምሰንግ ኤ05 ላይ ሁለተኛው ክብ 2 ሜጋ ፒክስል ያለው፣ ርቀት ለመገመት ብቻ የሚያገለግል ነው።

ለፍትሕ ሲባል ግን አንድ ነገር ልበል። የትራንሽን ስልኮች አፍሪካ ውስጥ ስም ያተረፉት በሜጋ ፒክስል አይደለም። ካሜራቸው ጠቆር ያለ ፊት በደብዛዛ ብርሃን እንዳይጨልም ተደርጎ ስለተስተካከለ ነው። ዓይንና ጥርስን እየለየ ለፊቱ የሚገባውን ብርሃን ይመጥናል። ይሄ ለተጠቃሚው የታሰበ እውነተኛ ምሕንድስና ነው። የሚገርመው ደግሞ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ይሄ ሳይሆን «50» መሆኑ ነው።

ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚቀረው ስልክ

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ጠፍቶ ነበር። ያንን ጊዜ ያለፈ ሰው ስማርት ስልክ ያለ ዳታ ምን እንደሚሆን ያውቃል። የስልክ ንጽጽር የሚጽፉ ሰዎች ግን «ኢንተርኔት ከሌለስ?» የሚል መስፈርት የላቸውም። እኛ እንጨምርበት።

አንደኛ፣ ኤፍ ኤም ሬዲዮ። የኤፍ ኤም ሞገድ በ100 ሜጋ ኸርዝ ላይ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው። እሱን ለመያዝ ከአንድ ሜትር ብዙ የማያንስ ሽቦ ያስፈልጋል። ስልኩ ያንን ሽቦ የሚያገኘው ከጆሮ ማዳመጫችሁ ነው! ሬዲዮው ማዳመጫ ካልሰካችሁ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። በብሉቱዝ የሚሠራ ማዳመጫ ሽቦ ስለሌለው አንቴና አይሆንም። አይፎን ላይ ጭራሽ ኤፍ ኤም የለም። የቴክኖና የአይቴል ስልኮች ላይ ግን በብዛት አለ። ሳምሰንግ ላይ እንደ ሞዴሉና እንደተሠራበት አገር ይለያያል፤ ከፍታችሁ እዩ።

ሁለተኛ፣ ሚሞሪ ማስገቢያ። የመማሪያ መጽሐፍ፣ ያለፉ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተናዎች፣ መዝገበ ቃላት፤ እነዚህን ከጓደኛ ሚሞሪ ወደ ራሳችሁ መገልበጥ ዳታ አይፈልግም። አይፎን ሚሞሪ አይወስድም።

ሦስተኛ፣ ካርታ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት የሚፈልግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይፈልግም። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውን ይናገራሉ፤ ስልካችሁ ያዳምጣል፣ ያሰላል። ካርታውን ኢንተርኔት ባለበት ቀን አስቀድማችሁ ካወረዳችሁ በቂ ነው።

አራተኛ፣ ገንዘብ። ቴሌብር በ*127# ይሠራል። ይሄ ዳታ የማይፈልግ፣ በስልኩና በኔትወርኩ መካከል በቀጥታ የሚሄድ አጭር መልእክት ነው። ባለ ቁልፏ አይቴልም ትሠራዋለች። ብር ለመላክና ለመቀበል ብቻ ከሆነ ስማርት ስልክ የምትገዙት፣ ምናልባት አያስፈልጋችሁም።

ከውጭ የመጣው አይፎንና የስልክ ዕድሜ

ስልክ ሁለት ጊዜ ይሞታል። አንዴ ዕቃው ይሞታል፤ አንዴ ሶፍትዌሩ። አይፎን ኤክስ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ውድ ስልክ ነበር። ዛሬ ስክሪኑ አሁንም ያምራል፤ ግን ከአይ ኦ ኤስ 16 በላይ አይሄድም። አይፎን 6 ላይ ደግሞ ዋትሳፕ ከግንቦት 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ መሥራት አቁሟል። ያገለገለ ስልክ ስትገዙ የቀረውን ዕድሜ ነው የምትገዙት፤ ስሙን አይደለም። በተቃራኒው ሳምሰንግ ለኤ15 የ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ቃል ገብቷል። በዚያ የዋጋ ደረጃ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ባንካችሁን ስልካችሁ ላይ ከጫናችሁ ደግሞ የደኅንነት ማሻሻያ ጌጥ አይደለም።

አክስታችሁ ከአሜሪካ አይፎን ልትልክላችሁ ከሆነ፣ ከመላኳ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ። አንዱ፣ ለአንድ የአሜሪካ ኔትወርክ የተቆለፈ እንዳይሆን። ሁለተኛው፣ አሜሪካ የሚሸጡት ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም ብቻ ነው። የቴሌና የሳፋሪኮም ሲም አንድ ላይ መያዝ ለለመደ ሰው ደግሞ ሁለት የሲም ቦታ ያለው ርካሽ አንድሮይድ የበለጠ ሊመቸው ይችላል።

የመጨረሻው ጥያቄ ጭራሽ መቀየር ያስፈልጋችኋል ወይ የሚለው ነው። የሊቲየም ባትሪ ያረጃል። አፕል ራሱ፣ አይፎን 14ን ጨምሮ ከዚያ በፊት ለነበሩት ስልኮች፣ ባትሪያቸው 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ 80 በመቶ አቅም እንዲይዝ ተደርጎ መሠራቱን ይናገራል። ያረጀ ባትሪ ያለው ስልክ ቀኑን አይጨርስም፤ አንዳንዱም ይንቀራፈፋል። «ስልኬ ደከመ» የምትሉት ብዙ ጊዜ የደከመው ባትሪው ነው። ባትሪ ማስቀየር አዲስ ስልክ ከመግዛት እጅግ ይረክሳል።

ታዲያ ቁጥር አንይ?

እዩ እንጂ! ቁጥር ባይኖር ወደ ወሬ ነው የምንመለሰው። «ሳምሰንግ ጠንካራ ነው፣ ቴክኖ ቶሎ ይሞታል፣ አይፎን አይፎን ነው» የሚለው ወሬ ከካርቶኑ የባሰ ነው። እኔ የምለው ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ ነው።

በመጀመሪያ ቤታችሁ ያለውን ኔትወርክ ለኩ፤ ከ2ጂና 3ጂ ካላለፈ ለ5ጂ አትክፈሉ። ቀጥሎ መብራታችሁን እዩ፤ ሶላር ከሆነ ትልቅ ባትሪ፣ የሚቆራረጥ መብራት ከሆነ ፈጣን ቻርጅ። ሦስተኛ፣ ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለውን ራም እዩ። አራተኛ፣ ስንት ዓመት ማሻሻያ እንደቀረው ጠይቁ። አምስተኛ፣ ከሻጩ በፊት ጠጋኙ ጋ ሂዱና «የዚህ ሞዴል ስክሪን አለህ? ስንት ነው?» በሉት። ብዙ ሰው የያዘው ሞዴል ስክሪኑም በቀላሉ ይገኛል። ካሜራው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ።

በዚህ ቅደም ተከተል ከሄድን፣ ኔትወርክ በሚደክምበት ገጠር ለሚኖር ሰው ሁለት ሲም፣ ኤፍ ኤምና ትልቅ ባትሪ ያለው የትራንሽን ስልክ ያዋጣዋል። ከተማ ሆኖ ለሚማርና ስልኩን አራት አምስት ዓመት ሊይዝ ለሚያስብ፣ ረጅም የማሻሻያ ቃል የተገባለት ሳምሰንግ ይሻላል። ያገለገለ አይፎን ለካሜራው ብሎ ለሚፈልግ፣ የባትሪ ማስቀየሪያውን ዋጋ ከመጀመሪያው ደምሮ ለሚያስብ ሰው ነው። ለአንዳንዳችሁ ደግሞ ትክክለኛው ምርጫ አሁን ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክና አንድ አዲስ ባትሪ ነው። ይሄንን ደግሞ የትኛውም ካርቶን ሊነግራችሁ አይችልም፤ ምክንያቱም ባትሪ ብቻ ለሚገዛ ሰው ካርቶኑ አይሸጥም።